ባለ ዝላይ ግብዓት፦ መብራት ሲጠፋ ስሌቱ የት ላይ ይሳሳታል?

ጫጫ ላይ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ሰው መብራት መሀል ላይ ሲጠፋ የሚሆነውን ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዱ አይጣል ነው። ኃይል የተቋረጠበት ምጣድ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሙቀቱን ለአየሩ ይለቃል። በደንብ ያልሰማ ምጣድ ላይ ሊጥ ቢፈስ ደግሞ እንጀራው ዓይን አያወጣም።

ይህን የምጣድ ነገር ወደ ሒሳብ ስናመጣው ዲፈረንሻል እኩልታ ይሆናል። ዲፈረንሻል እኩልታ የአንድን ነገር መጠን በቀጥታ አይነግረንም፤ የሚነግረን መጠኑ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ ነው። ለምጣዱ ሁለት ነገር ይበቃል፦ መብራት ሲኖር የሚገባው ሙቀት፣ እና ወደ አየሩ የሚሸሸው ሙቀት። ከውጭ የሚገባው ኃይል የእኩልታው ግብዓት ይባላል። የዛሬው ቃላችን የሚመለከተው ይህን ግብዓት ነው።

መብራት ቀስ እያለ አይጠፋም። አሁን ሙሉ ነው፣ ከአፍታ በኋላ ዜሮ ነው፤ በመሀል የሚያልፍበት ደረጃ የለም። እንዲህ ከአንዱ ዋጋ ወደ ሌላው በቅጽበት የሚሻገር ግብዓት በአማርኛ «ባለ ዝላይ ግብዓት» ቢባል ይሻላል ባይ ነኝ። «የተቋረጠ ግብዓት» የሚለው አማራጭ ለአንባቢ የሚሰጠው የመጥፋትን ስሜት ብቻ ነው፤ መብራቱ ተመልሶ ሲመጣም እኮ ያው ዝላይ ነው። ልብ በሉ፣ የሚዘለው ግብዓቱ እንጂ የምጣዱ ሙቀት አይደለም። የሙቀቱ መስመር ሳይበጠስ ይቀጥላል፤ ዝላዩ ያለበት ቦታ ላይ ግን በድንገት ይታጠፋል። ችግሩ ሁሉ ያለው እዚያች እጥፋት ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን እኩልታ ኮምፒዩተር የሚፈታው ጊዜውን በትንንሽ እርምጃ ከፋፍሎ ነው። ሊዮናርድ ኦይለር በ1768 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው መጽሐፉ የገለጸው ዘዴ ቀላል ነው፦ እርምጃው ሲጀምር ያለውን የለውጥ ፍጥነት ወስዶ እስከ እርምጃው መጨረሻ በዚያው መገስገስ። በ1895 ካርል ሩንገ፣ በ1901 ደግሞ ማርቲን ኩታ ያሻሻሉት ዘዴ በአንድ እርምጃ ውስጥ አራት ጊዜ ያያል፦ መጀመሪያው ላይ አንዴ፣ መሀል ላይ ሁለቴ፣ መጨረሻው ላይ አንዴ። ከዚያ ከስድስት እጅ ለመሀሎቹ ሁለት ሁለት፣ ለዳርና ዳሩ አንድ አንድ ሰጥቶ አማካይ ያወጣል።

አሁን ለማሳያ በመረጥኳቸው ቁጥሮች ምጣዱን እንጣደው። የክፍሉ ሙቀት 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፤ ምጣዱም ከዚያው ሙቀት ይነሣ፤ መብራት ሲኖር በደቂቃ 15 ዲግሪ የሚያሞቅ ኃይል ይገባል፤ ምጣዱ ከክፍሉ ከሚበልጥበት ሙቀት በደቂቃ 5 በመቶ ያህሉ ይሸሻል። እርምጃችን 5 ደቂቃ ነው። መብራት ካልጠፋ የሩንገና ኩታ ዘዴ በ15ኛው ደቂቃ ላይ ከትክክለኛው መልስ የሚርቀው ከአንድ መቶኛ ዲግሪ ባነሰ ነው፤ ለአምስት ደቂቃ እርምጃ ይህ ድንቅ ነው።

መብራቱ በ13ኛው ደቂቃ ይጥፋ። ትክክለኛው መልስ በ15ኛው ደቂቃ 144.7 ዲግሪ ነው። ዘዴው የሚሰጠን ግን 160.8 ነው፤ 16 ዲግሪ ስቷል። ለምን? ከ10 እስከ 15 ባለው እርምጃ ያየው 10ኛውን፣ 12 ከግማሹን ሁለቴ፣ ከዚያ 15ኛውን ነው። ሦስቱ ላይ መብራት አለ፣ አራተኛው ላይ የለም። በራሱ አመዛዘን ከስድስት አምስት እጁን «በርቷል» ብሎ ቆጠረ፤ ይህም 4 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ማለት ነው። መብራቱ በእርምጃው ውስጥ የቆየው ግን 3 ደቂቃ ብቻ ነበር። ያልነበረ የ70 ሴኮንድ መብራት ምጣዱን አሞቀው።

ከዚህ የከፋም አለ። መብራቱ በ10 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ጠፍቶ በ12ኛው ደቂቃ ቢመለስ፣ አራቱም እይታዎች በርቶ ነው የሚያገኙት። ፕሮግራሙ ምንም ሳይጠራጠር ያልፋል፤ መልሱ ግን ወደ 19 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይወጣል። እርምጃውን እንዳስፈላጊነቱ ራሱ የሚያሳጥር ፕሮግራምም ከዚህ አያመልጥም። ዝላዩን ካየው እጥፋቱ አካባቢ እርምጃውን ደጋግሞ እየጣለና እያሳጠረ ይንገታገታል፤ በሁለት እይታዎች መሀል ካመለጠው ግን የሚያሳጥርበት ምክንያት እንኳ አይኖረውም።

መፍትሔው ዘዴውን መቀየር አይደለም፤ ዝላዩ ላይ መቆም ነው። ከ10 እስከ 13 መብራት እንዳለ አስላ፤ 13ኛው ደቂቃ ላይ ቁም፤ የደረስክበትን ሙቀት መነሻ አድርገህ ከ13 እስከ 15 መብራት እንደሌለ እንደ አዲስ ጀምር። ያው ዘዴ 144.7ን ይሰጣል። በየሁለቱ ዝላዮች መሀል ያለው መስመር ለስላሳ ስለሆነ ዘዴው የተሠራበት መሬት ላይ ይመለሳል። የመብራት ፈረቃው ሰዓት የታወቀ ከሆነ ሰዓቶቹን አስቀድሞ ለፕሮግራሙ መስጠት ብቻ ይበቃል።

የዝላዩ ሰዓት አስቀድሞ የማይታወቅበት ጊዜም አለ። 220 ዲግሪ ሲደርስ ኃይሉን የሚቆርጥ ቴርሞስታት የተገጠመለት ምጣድ ዝላዩን የሚወስነው በራሱ ሙቀት ነው። ስሌቱ በ20ኛው ደቂቃ ከ220 በታች፣ በ25ኛው ከዚያ በላይ ካገኘ ነጥቡ በመሀል አለ ማለት ነው፤ ክፍተቱን ለሁለት እየከፈሉ መፈለግ ነው። በ22 ከግማሽ 217.6 ነው፣ አልደረሰም፤ በ23 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ 223.5 ነው፣ አልፏል። እንዲህ እያሉ 23ኛው ደቂቃ ላይ ይደረሳል።

የሒሳብ ሊቃውንቱም ሁለቱን የዝላይ ዓይነቶች ለይተው ነው ያጠኗቸው። ግብዓቱ በጊዜ የሚዘልበትን እኩልታ ኮንስታንቲን ካራቴዎዶሪ በ1918 መጽሐፉ መሠረት አስያዘለት፤ ዝላዩ በራሱ በሁኔታው የሚወሰንበትን ደግሞ ሩሲያዊው አሌክሲ ፊሊፖቭ በ1960 አጠናው።

ነገሩ በምጣድ አያበቃም። ከከተማዋ ጋር ስም የሚጋራው የጫጫ ወንዝ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። የወንዙን ሙላት በስሌት ለመገመት የሚነሣ ሰው እጁ ላይ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ የየዕለቱን የዝናብ ድምር ነው። ድምሩን በ24 ሰዓት እኩል ሲያካፍለው ግብዓቱ በየቀኑ የሚዘል ደረጃ ይሆናል፤ ስለዚህ የስሌቱ እርምጃዎች የዝናብ መለኪያው በሚነበብበት ሰዓት ላይ እንዲያርፉ ማድረግ አለበት። የክረምቱን የአንድ ሰዓት ዶፍ ቀኑን ሙሉ እንደ ዘነበ ካፊያ አድርጎ መቁጠሩ ግን ሌላ ስሕተት ነው፤ ያንን የትኛውም የእርምጃ አመራረጥ አያርመውም፤ በየሰዓቱ የሚመዘግብ መለኪያ ይፈልጋል።