አምሳያ ባቡር እና መደቡ

«ሞዴል የባቡር ሐዲድ አቀማመጥ»። ይህን ሐረግ ቦሌ ውስጥ በአንድ የመጫወቻ ሱቅ ካርቶን ላይ ተለጥፎ አየሁት፤ ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ማስታወቂያ ወደ ሌላው ሲዛመት እያየሁ ነው። መጀመሪያ ማሽን ተርጉሞታል፣ ቀጥሎ ሰው ገልብጦታል። አራቱም ቃላት ለየብቻ ደኅና ናቸው፤ አንድ ላይ ሲቆሙ ግን እርስ በርስ የተኳረፉ ይመስላሉ።

ነገሩን አብዛኛው አንባቢ በፊልምም ቢሆን አይቶታል። ቤት ውስጥ ጣውላ ላይ ትንንሽ ሐዲድ ይዘረጋል፤ ጣቢያው፣ ድልድዩ፣ ኮረብታው ልኩን ጠብቆ ይሠራል፤ ባቡሩም ብዙውን ጊዜ በ12 ቮልት ኤሌክትሪክ ይዞርበታል። ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 የሐዲዱን ስፋት በደረጃ ለይቶ ላይፕሲሽ ትርኢት ላይ ካቀረበ ወዲህ ዓለም አቀፍ ልክ ወጥቶለታል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ልክ 1 ለ87 ነው።

«ሞዴል» ባዕድ ስለሆነ አይደለም የማልወደው። «ባቡር» ራሱ ባዕድ ነው፤ ሥሩ በአውሮፓ ቋንቋዎች እንፋሎት ማለት ሲሆን በዐረብ አፍ ዞሮ ደረሰን። «ሐዲድ» በዐረብኛ ብረት ነው። «ፉርጎ» እና «ለገሃር» ፈረንሳይኛ ናቸው። አባቶቻችን «ባቡር»ን ከተቀበሉ በኋላ የእህል ወፍጮውን ሳይቀር ባቡር ብለው ጠርተውበታል። የ«ሞዴል» ችግር ሌላ ነው፤ ቦታው ተይዟል። ንብረት ክፍል ሄዳችሁ ሞዴል 19 ትቆርጣላችሁ፤ ገጠር ወጥታችሁ ሞዴል አርሶ አደር ትጎበኛላችሁ፤ ቦሌ ተመልሳችሁ ልብስ የምታሳየውን ሞዴል ታያላችሁ። እንግዲህ «ሞዴል ባቡር» ሲባል የሚታሰበኝ ሰዓቱን በማክበሩ የምስክር ወረቀት የተሰጠው ባቡር ነው።

ተተኪ ሲፈለግ ከማውቃቸው ሰዎች የተሰነዘሩት ብዙ ናቸው። «የአሻንጉሊት ባቡር» ያሉ አሉ፤ ለሕፃን የሚገዛውን በደንብ ይገልጻል፣ የብሎን ራስ በመርፌ ጫፍ ቀለም የሚቀባውን ጎልማሳ ግን ያስቀይማል። «ናሙና ባቡር» የጉምሩክ ሽታ አለው፤ ከመቶ ባቡር ለምርመራ አንዱን አውጥተው ያስቀመጡት ይመስላል። «ደቂቅ ዘአካላት»ን የለመደ ባለሙያ «ደቂቀ ባቡር» ብሎኛል። በግዕዝ ግን «ደቂቅ» ልጆችም ማለት ስለሆነ፣ «ደቂቀ ባቡር» ድሬዳዋ ውስጥ በምድር ባቡር ደመወዝ ላደጉት ቢሰጥ ይሻላል።

ከሁሉም ያመነታሁበት «ምስለ ባቡር» ነው። አጭር ነው፣ ለጆሮም ያምራል፤ ከ«ምስለኔ» ጋር ስለሚቀራረብ ለታሪክ አንባቢም አይከብድም። ቅኔ የተማረ ወዳጄ ግን በአንድ ጥያቄ አፈረሰብኝ፤ «ምስለ ፍቁር ወልዳ ምን ማለት ነው?» አለኝ። ከተወደደ ልጇ ጋር ማለት ነው። በግዕዝ «ምስለ» «ከ… ጋር» ስለሚሆን፣ «ምስለ ባቡር» ለቤተ ክህነት ሰው «ከባቡር ጋር» ነው።

ስለዚህ እዚያው ሥር ላይ ቆሜ፣ አማርኛው የወለደውን «አምሳያ»ን እመርጣለሁ። «መሰለ» ልጀ ብዙ ግሥ ነው፤ ምስል፣ ምሳሌ፣ አምሳል፣ መሰል፣ አስመሳይ ሁሉ የእሱ ናቸው። «አምሳያ የለውም» ስንል አቻ የለውም ማለታችን ስለሆነ ለትንሽ ነገር አይስማማም የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ የምወደው በዚህ ነው። ሠሪው የሚደክመው ከመጠኑ በቀር በሁሉም ነገር አቻ እንዲሆን ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ የአዲሱ 1 ሜትር ከ435 ሚሊ ሜትር ነው። በ1 ለ87 የመጀመሪያው በ12፣ ሁለተኛው በ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይሠራል፤ ሁለቱን ያደባለቀ ሰው በሙያው ሰዎች ፊት ያፍራል።

«ሌይአውት» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተሰጠው «አቀማመጥ» ደግሞ ለአገር ካርታና ለእንግዳ አቀማመጥ ይቆይ። ሐዲዱና መንደሩ ያረፉበትን ነገር «መደብ» ማለት ይበቃል። በገጠር ቤት ግድግዳውን ተጠግቶ ከወለሉ ከፍ ብሎ የሚሠራው መቀመጫና መኝታ መደብ ነው፤ ችግኝ የሚፈላበትም መደብ ነው፤ ገበያ ላይ ሸቀጥ የሚዘረጋበትም መደብ ነው። ሦስቱም ተለይቶ የተሰናዳ፣ አንድ ነገር የሚዘረጋበት ቦታ ናቸው። የደርግን ዘመን የኖረ ሰው የመደብ ትግል ትዝ ይለው ይሆናል፤ ይታገሰን።

ቃሉን በሥራ ላይ እንሞክረው። ሲኤምሲ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቀላል ባቡር ሊሠራ ተነሣ እንበል። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው መስመር 17 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በ87 ቢካፈል ወደ 200 ሜትር ይሆናል፤ ሳሎኑ አይችለውም። ስለዚህ ጉርድ ሾላን ብቻ መርጦ መደቡን ግድግዳ ያስጠጋዋል። የእውነተኛው ባቡር 750 ቮልት ከላይ በተዘረጋ ሽቦ ይመጣል፤ የአምሳያው ከሐዲዱ ይነሣል፤ ላዩ ላይ ያለው ሽቦ ለመልክ ብቻ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ግን መንገዱን ለሁለት የሚከፍለው አጥር ነው፤ አንድ በአንድ ተቆርጦ ይተከላል። አጥሩ የሌለበት ጉርድ ሾላ አምሳያ አይባልም። ይህን ሁሉ ስጽፍ አንድም ቦታ «ሌይአውት» አላስፈለገኝም።

አንድ ቃል ይቀረኛል። ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዞረው ተንቀሳቃሽ ብረት ስሙ ምን ይሁን? ለጊዜው «የሐዲድ መቀየሪያ» ብዬዋለሁ። ድሬዳዋና ለገሃር በምድር ባቡር የሠራችሁ ጡረተኞች፣ በሥራ ላይ ትጠሩበት የነበረውን ስም፣ ፈረንሳይኛም ቢሆን፣ ለልጆቻችሁ ንገሩልን። ማሽኑ ሌላ ስም ሳያወጣለት እንመዝግበው።