ውጅግራ ዒላማውን ሲስት

ውጅግራ ስሙን ያገኘው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፣ በመቀርቀሪያ የሚዘጋ፣ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነበር። ዒላማ ሲስት በተኳሹ እጅ መፍረድ ይቀናናል፤ እኔ ግን አስቀድሜ ጥይቱን እጠረጥራለሁ። የውጅግራ ጥይት በሀገራችን እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ አገልግሏልና። (ገንዘቡን እየተኮሰ የሚለማመድስ ስንቱ ነበር?) ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ እርጥበት የነካው ባሩድ እንደ አዲሱ አይገፋም፤ አንዱ ጥይት ከዒላማው በላይ፣ ሌላው በታች ያርፋል።

ቀጥሎ የሚመረመረው የጠመንጃው ቱቦ ነው። የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ በጠመዝማዛዎቹ ቦዮች ውስጥ ይጋገራል፤ ከአየሩም እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝገዋል። ዘይት ብቻውን አያስለቅቀውም፤ ቱቦው በውሃ መታጠብ፣ በሚገባ መድረቅ፣ ከዚያም ዘይት መቀባት ነበረበት።