ባለሞላው የብስክሌት ፎርቼላና የወለጋ መንገድ

በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምር የፈቀድነው ከብስክሌት ክፍሎች አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም ጣሊያኖች «ፎርቼላ» የሚሉት፥ የፊቱን ጎማ በሁለት ክንዱ አቅፎ የሚይዘው ክፍል ነው። ከኋላ ሞላ የሌለው የተራራ ብስክሌት ያለው የነቀምቴ ሰው ምን ዓይነት ፎርቼላ ይምረጥ? መልሱ ከዕቃው ታሪክ ይገኛል ብለን እናምናለን።

በፎርቼላ ላይ ሞላ መግጠም የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። የሚላኖው የቢያንኪ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1912 ለጣሊያን ቤርሳሊዬሪ ወታደሮች የሠራው ተጣጣፊ ብስክሌት ከፊትም ከኋላም ሞላ ነበረው፤ ወታደር መንገድ አይመርጥምና። እኛም ሞላ፥ ጎማ፥ ካላማዳሪ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ መምጣታቸው የዚህ ሙያ ዕውቀት በየትኛው በር እንደ ገባ ይመሰክራል። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር። የእነርሱ ብስክሌት ግን ለለሰለሰ መንገድ የታሰበ ስለ ነበረ ፎርቼላው ሞላ አላስፈለገውም።

የተራራ ብስክሌት የተጀመረው በካሊፎርኒያ፥ በማሪን አውራጃ፥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ወጣቶቹ አሮጌ ባለወፍራም ጎማ ብስክሌቶችን ይዘው ቁልቁለት ሲወርዱ የድንጋዩን ምት የሚችለው ክንዳቸው ነበር። ፖል ተርነር ከሞተር ብስክሌት ሙያ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ሮክሾክስ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ የመጀመሪያው ፎርቼላውም በአየርና በዘይት የሚሠራ፥ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚታጠፍ ነበር። በተከታዩ ዓመት በዱራንጎ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ግሬግ ኸርቦልድ የቁልቁለቱን ውድድር በዚሁ ፎርቼላ አሸነፈ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ሞላ ምቱን ይቀበላል እንጂ አያጠፋውም። ገስጾ የሚያበርደው ዘይቱ ነው። ዘይት የሌለው ሞላ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ነው፤ የተቀበለውን ሁሉ መልሶ ይወረውራል።

አሁን ወደ ወለጋ እንመለስ። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ጊምቢ የሚሄድ ሰው ግን ከ1,500 ሜትር በታች ወደሚገኘው ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወርዶ መልሶ መውጣት አለበት። ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ገጠር የሚገቡት መንገዶች በክረምት ቀይ ጭቃ፥ በበጋ አቧራ ናቸው። በቁልቁለቱ ላይ ጥሩ ፎርቼላ ጎማውን ከመሬት ሳያላቅቅ ይይዛል፤ ጎማው መሬት ካልነካ ፍሬንም መሪም ከንቱ ነውና ይህ የምቾት ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። ነገር ግን ያው ጭቃና አቧራ ዘይት ከልካዩን ጎሚኒ ይበላዋል። እኛ ራሳችን በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነታችን የገዛናት ባለሞላ ብስክሌት ፎርቼላዋ በአንድ ክረምት ዝጎ ደረቀ፤ ከዚያ በኋላ የተረፈን ክብደቱ ብቻ ነበር።

ስለዚህ መራጩ አራት ነገሮችን ይመልከት። አንደኛ፥ የመታጠፊያው ልክ ብስክሌቱ የተሠራበት ይሁን፤ ብዙውን ጊዜ 100 ወይም 120 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ የረዘመው ፊቱን ያነሣል፥ የብየዳውንም መጋጠሚያ ያስጨንቃል። ሁለተኛ፥ ወደ መሪው የሚወጣው ቱቦ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው ወይስ ከታች እየሰፋ ይሄዳል? ካልገጠመ ገንዘቡ ባከነ። ሦስተኛ፥ በአየር የሚሠራው ቀላል ነው፥ ለጋላቢው ክብደትም ይስተካከላል፤ ነገር ግን የራሱን ልዩ መንፊያ ይፈልጋል። የብረት ሞላው ይከብዳል፥ ግን መንፊያ አይጠይቅም። አራተኛ፥ ጎሚኒውና ዘይቱ በቅርብ ይገኛሉን? የሚፈታውና የሚያጥበውስ ማን ነው?

ለአራተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው ዘይት አልባውን ርካሽ ፎርቼላ ከሚገዛ ሞላ የሌለውን ጠንካራ ፎርቼላ በሰፊ ጎማ ቢጠቀም ይሻለዋል። መልስ ያለው ግን የዘይቱን ይግዛ፤ ዴዴሳን ሲወርድ ዋጋውን ያገኘዋል። ቤርሳሊዬሪም ሆኑ የማሪን ወጣቶች ዕቃቸውን ያገኙት ከመንገዳቸው ተነሥተው ነው፤ እኛም ከመንገዳችን እንነሣ።