በአረፋ ቀን የተጻፈ ቀሪ

በዚህ ዓመት መጽሔታችን በልጅነታችን ዘመን የእስላምና የክርስቲያን፣ የየብሔረሰቡም ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እንዴት አብረን እንዳደግን፣ በምንስ እንለያይ እንደነበር የምናስታውሰውን ለማቅረብ አሰብን። የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነውና የአጻጻፍ ጉድለት ቢገኝ አንባቢ ይቅር ይበለን።

ስድስተኛ ክፍል የነበርነው በ1966 ዓ.ም. ነው። በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነን እንቀመጥ ነበር። አንደኛው አባቱ መርካቶ የሚነግዱ የስልጤ ልጅ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም በጅምላ ጉራጌ ይባል ነበር፤ ስልጤ ራሱን ችሎ የታወቀው ከ1993ቱ ሕዝበ ውሳኔ ወዲህ ነው። ሁለተኛው ከሰበታ መጥቶ አጎቱ ዘንድ የሚኖር የኦሮሞ ልጅ ነው። እሱ ሲመዘገብ ጸሐፊው የቤት ስሙን ትቶ ሌላ ስም ጻፈለት፤ እናቱ አንድ ቀን ፈልጋው መጥታ በስሙ ብትጠራው በረኛው እንዲህ የሚባል ተማሪ የለም ብሎ መለሳት። በኋላ እኛም መዝገብ ቤት ስንሠራ ይኸ ነገር ትዝ እያለን የሰው ስም ሁለት ጊዜ ሳንጠይቅ አንጽፍም ነበር። ሦስተኛው እኛ ነን፤ አባታችን የጎጃም፣ እናታችን የመንዝ።

ምሳ ቋጥረን ነበር የምንሄደው። ሥጋ የተቋጠረ ቀን ያንተ የእስላም ሥጋ፣ ያንተ የክርስቲያን ሥጋ እየተባለ ሁሉም ፊቱን አዙሮ ይበላል። ረቡዕና ዓርብ ግን የኛ ጾም ስለሆነ የሚቋጠረው ሽሮ ነው፤ ያን ቀን ሦስታችንም እጃችንን አንድ ሳህን ላይ እናሳርፋለን። ሌላው ልጅ ጾም ገባ ብሎ ሲያኮርፍ እኛ ረቡዕን እንናፍቅ ነበር። በዚያው ዓመት ረመዳን መስከረም ላይ ገባ፤ ጓደኛችን በምሳ ሰዓት ሜዳው ዳር ይቀመጣል፣ እኛም በልተን ስንጨርስ ሄደን አጠገቡ እንቀመጣለን። ኧረ አንድ ጊዜ ውኃ ጠጣ፣ ማን ያይሃል ብንለው ይስቃል እንጂ እሺ አይልም።

የዘመኑ ሕግ እንግዲህ እንዲህ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ያደርጋታል፤ ሌላውም በእምነቱ እንዳይከለከል ይላል። በአፍም ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው ይባል ነበር። ነገር ግን በመስቀል፣ በገናና በጥምቀት ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ በኢድና በአረፋ ይከፈታል። የቀረ ይቀጣል።

በ1966 ዓ.ም. አረፋ ከገና ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ዋለ። እኛ የክፍል አለቃ ነበርን፤ ጽሕፈታችን ያማረ ነው ተብሎ ስም መጥሪያውን አስተማሪው ለኛ ይተውልን ነበር። የጓደኛችን ቦታ ባዶ ነው። ብንዘለው ማንም አያየንም። ሕግ ነው ብለን ቀሪ ብለን ጻፍን። እውነቱን ለመናገር ሕጉ ብቻ አይደለም፣ አለቅነቱም ጣፍጦን ነበር። ተመልሶ በመጣ ቀን ደወል ሳይደወል በወረቀት የጠቀለለውን ተምር ሰጠን፤ በላን። ከዚያ ስሙ ተጠራ፤ እስከ እረፍት ድረስ ጠጠር ላይ ተንበረከከ። የማን ጽሕፈት እንደሆነ ያውቃል፣ አንድ ቃል ግን አልተናገረንም። አንድ ሳምንት ሙሉ ያኮረፈን የሰበታው ልጅ ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት ትልቅ ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። በዓላችን ይከበር፣ በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች አትበሉን፣ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን አሉ። ብዙ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰለፉ። እኛም ከሰበታው ልጅ ጋር ሆነን ጓደኛችንን ተከትለን ገባን፤ እናታችን ሰምታ ገርፋናለች። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ1967 ዓ.ም. ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓል ሆኑ። እኛ ግን ያን ጊዜ ትምህርቱን ትተን ሥራ ፍለጋ ላይ ነበርን።

ያ ጓደኛችን ዛሬ የዚህ ዕድር አባል ነው። አባላት ሐጂ እያሉ አንቱ ይሉታል፤ ለኛ ግን አሁንም አንተ ነው። ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. የወሩ ስብሰባችን እሑድ ላይ ሲውል አረፋም በዚያው ቀን ሆነ። ቀን ቆርጦ የጠራው ሰው ልብ አላለም፣ ጸሐፊ ነንና እኛም ልብ አላልንም። ሙስሊም አባሎቻችን አልመጡም። መዝገቡን ከፍተን ቀሪ የሚለው ላይ ስንደርስ እጃችን እምቢ አለ፤ ቦታውን ባዶ ትተን ዘጋነው።

በማግስቱ በራችን ላይ ቆሞ «ዛሬም ቀሪ አልከኝ?» አለ። ሃምሳ ዓመት ያላነሣውን ነገር ነው ያነሣው። ይቅርታ ብንጠይቀው «ጠጠሩንስ ረስቼዋለሁ፤ ተምሩን እየበላህ ሳትነግረኝ ዝም ማለትህን ነው ያልረሳሁት» አለን።

በበዓል ቀን ስብሰባ እንዳይጠራ፣ ለሚቀርም የመቅረት ቅጣት እንዳይጻፍበት ለጠቅላላ ጉባኤ ሐሳብ አቅርበናል።