የሚንገዳገድ ሁሉ የጠጣ አይደለም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

በየካምፑና በየሰፈራችን ጭንቅላቱን ተመትቶ በሕይወት የተረፈ ሰው አናጣም። አንዱ በስደት መንገድ ላይ በዱላ ተመትቷል፣ ሌላው ከቦዳ ቦዳ ወድቋል። ቁስሉ ከደረቀ በኋላም ሲራመድ ይንገዳገዳል። «ዛሬም ጠጥቷል» እየተባለ ሲሳቅበት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። የዚህን ችግር ታሪክ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ለዚህ ነው።

ቀጥ ብለን የምንቆመው በዓይናችን፣ በውስጥ ጆሯችንና ከእግራችን በሚመጣው ስሜት ነው። አንጎል ሦስቱን አስማምቶ ሰውነትን ያዛል። አንጎል ወይም የውስጥ ጆሮ ሲጎዳ ይህ ስምምነት ይፈርሳል። ደግነቱ አንጎል እንደገና መማር ይችላል። የሚማረው ግን በእንቅስቃሴ ነው።

በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካውቶርንና ኩክሲ የተባሉ ሁለት የለንደን ሐኪሞች ይህን በሥራ ላይ አዋሉት። ጊዜው የጦርነት ነበር። ጭንቅላታቸው ተጎድቶ የሚያዞራቸውን ሰዎች ከአልጋ አስነስተው ልምምድ አስጀመሯቸው። መጀመሪያ ተቀምጠው ዓይንና ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው ያንቀሳቅሳሉ፤ ቀጥሎ ፈጠን ያደርጉታል፤ ከዚያ መነሳትና መቀመጥ ይመጣል። በመጨረሻ ጨዋታ ነበር፤ አንድ ሰው መሃል ይቆምና ሌሎቹ እየዞሩት ኳስ ይቀባበላሉ።

ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ ጨዋታው ወደ ቴሌቪዥን ገባ። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ2006 ዊ የተባለውን የቪዲዮ ጌም፣ በ2007 ደግሞ ባላንስ ቦርድ የተባለውን መቆሚያ ሰሌዳ አወጣ። ሰሌዳው 4 ሴንሰሮች አሉት። የቆመበት ሰው ክብደቱን ወደ ግራ ሲጥል በስክሪኑ ላይ ያለውም ወደ ግራ ይሄዳል። ፊዚዮቴራፒስቶች ወዲያው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት፤ በአሜሪካ ወታደራዊ ሆስፒታሎችም የቆሰሉ ወታደሮች ተለማመዱበት። በ2010 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ደግሞ ልኬቱን ብዙ ሺህ ዶላር ከሚያወጣ የላቦራቶሪ መሣሪያ ጋር አነጻጽሮ ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው።

ጌሙ የጠቀመበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሽተኛው ሳይሰለች ደጋግሞ ይሠራል፣ የተዛነፈበትንም ወዲያው ያያል። ሆኖም ከተለመደው የሚዛን ልምምድ በእርግጠኝነት ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። የተሠራውም ለጤነኛ ሰው ስለሆነ፣ ረዳት ከሌለ መውደቅ ሊያስከትል ይችላል።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። መሣሪያውን መግዛት አልቻልንም ብለን ወንድማችንን ጥግ ላይ አስቀምጠን አንተወው። የለንደኖቹ ሐኪሞች የያዙት ኳስ እኛም ዘንድ አለ። ፊዚዮቴራፒስት ካገኛችሁ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚስማማው ጠይቁለት፤ ሲለማመድም አጠገቡ ቁሙ። የራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ግን ልምምዱን ትታችሁ በቶሎ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

«ጠጥቷል» የሚል ሰው ስትሰሙም ይህን ንገሩልኝ። በቤቱ እንዲህ ያለ ሰው ላለው ሁሉ አድርሱልኝ።