የ17 ዓመት ሲካዳ

የ17 ዓመት ሲካዳ በምሥራቅ አሜሪካ የሚገኝ፣ አብዛኛውን ዕድሜውን ከመሬት በታች አሳልፎ በ17ኛው ዓመት በአንድ ጊዜ በብዛት የሚወጣ የነፍሳት ዓይነት ነው። ማጂሲካዳ የሚባለው ወገን ሰባት ዝርያዎች አሉት፤ ሦስቱ በ17፣ አራቱ በ13 ዓመት ይወጣሉ። ዐይናቸው ቀይ፣ አካላቸው ጥቁር፣ የክንፋቸው ጅማት ብርቱካንማ ነው። በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ የሚጮኸው አረንጓዴማ ሲካዳ ከሌላ ወገን ነው።

ወደ አሜሪካ የገቡ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች «አንበጣ» ብለው ስለጠሩት ስሙ እስከ ዛሬ ያሳስታል። ሲካዳ ሰብል የሚያኝክ አፍ የለውም፤ የሚኖረው የዕፅዋትን ፈሳሽ በመምጠጥ ነው። አይናደፍም። ሴቷ እንቁላል ለመጣል የምትሰነጥቃቸው ቀጫጭን ቅርንጫፎች ግን ሊደርቁ ስለሚችሉ ለጋ ችግኞችን በመረብ መሸፈን የተለመደ ነው።

አወጣጡ

የአንበጣ ልጅ ኩብኩባ እንደሚባለው፣ ክንፍ ያላወጣ ሲካዳ ኒምፍ ይባላል። ኒምፉ ለ17 ዓመት የዛፍ ሥር እየጠባ ያድጋል። ጊዜው ሲደርስ በ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሲሞቅ፣ በአብዛኛው በግንቦት፣ ሲመሽ ከጉድጓዱ ወጥቶ ዛፍ ወይም አጥር ላይ ይወጣል። ጀርባው ይሰነጠቅና ወተት የመሰለ ነጭ ሲካዳ ይወጣል፤ እስኪነጋ ይጠቁራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወንዶቹ ሆዳቸው ጎን ያለውን ስስ ሽፋን እያርገበገቡ ይጮኻሉ። ከወጡ በኋላ የሚኖሩት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው።

በአንድ ኤከር እስከ 1.5 ሚሊዮን ሊወጡ ይችላሉ። ወፎች በልተው ይጠግባሉ፤ የተረፈው ይራባል።

ጭፍሮች

በአንድ ዓመት አብረው የሚወጡት አንድ ጭፍራ ሲሆኑ በሮማ ቁጥር ይለያሉ። 10ኛው ጭፍራ በ2004 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ቀጣዩ 2038 ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ዋሽንግተንና እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ የሜሪላንድ ከተሞች በዚሁ ጭፍራ ክልል ውስጥ ናቸው።

ይህን ጭፍራ ቀደም ብለው ከመዘገቡት አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው ገበሬና የሥነ ፈለክ ተመልካች ቤንጃሚን ባኔከር (1731–1806) ነው። በባልቲሞር አቅራቢያ ባለው እርሻው በ1749 ሲያያቸው ሰብል ሊያጠፉ የመጡ መስሎት መግደል ጀምሮ ነበር፤ ከንቱ ልፋት መሆኑን አይቶ ተወው። በ1766 እና በ1783 ተመልሰው ሲመጡ ዑደቱን ስላወቀ 1800ን ጠበቀ። መሣሪያው ማስታወሻ ደብተርና ትዕግሥት ብቻ ነበር።

በጓሮ መመልከትና ፎቶ ማንሳት

ለፎቶ ምርጡ ሰዓት ከጀንበር መጥለቅ በኋላ ያለው ነው። ቅርፊቱን የሚጥለው ሲካዳ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ተራ የእጅ ስልክ ይበቃል። ፍላሹ ነጩን አካል ስለሚያነጣው ባትሪ ከጎን ማብራት የተሻለ ነው። ክንፉ ሳይደርቅ የተነካ ሲካዳ ክንፉ ተጨማዶ ሊቀር ስለሚችል እስኪጠነክር መንካት አይገባም። ሌሊቱ ያመለጠው ሰው ማለዳ፣ ቅዝቃዜው ሳይለቃቸው፣ ቢሞክር ይሳካለታል።

ፎቶው ቀንና ቦታ ከያዘ ለሳይንስ ይጠቅማል። የነፍሳት ተመራማሪው ጂን ክሪትስኪ በሲንሲናቲ ከሚገኘው ማውንት ሴንት ጆሴፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያወጣው «ሲካዳ ሳፋሪ» የተባለው መተግበሪያ በ2021 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ፎቶ ተቀብሏል። በቃል ከሚነገር ወሬ ይልቅ ፎቶ ይመረጣል፤ የዓመታዊውን ሲካዳ ከ17 ዓመቱ ሌላ ሰው አይቶ ሊለይ ይችላልና። በቴሌግራምና በመሰል መተግበሪያዎች እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ግን የቦታና የቀን መረጃው ይጠፋል፤ ዋናውን ፋይል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ዋናውን ፋይል በአደባባይ መለጠፍ የቤትን አድራሻ ማሳየት ስለሆነ ጥንቃቄ ይሻል።

ቀኑ የሚያስፈልገው ሁሉም በጊዜው ስለማይወጣ ነው። በ2017 ብዙ የ10ኛው ጭፍራ ሲካዳዎች አራት ዓመት ቀድመው በዋሽንግተን አካባቢ ታይተዋል። ቦታው ደግሞ፣ ሲካዳ ሩቅ ስለማይበር፣ ዛፉ የተቆረጠበትና አስፋልት የለበሰ ጓሮ የራሱን ሲካዳ ስለሚያጣ ነው። በኮነቲከት የነበረው 11ኛው ጭፍራ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1954 ነው፤ ዛሬ እንደጠፋ ይቆጠራል።