«ዲን»፦ በአንድ ድምፅ ስንት ቃል?



የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአያቱ «ዲኑ ቢሮ ጠርተውኛል» ቢላቸው፣ እሳቸውም «በዲንህ ምን አድርገህ?» ብለው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። በአማርኛችን «ዲን» ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። መስጂድ ውስጥ ሃይማኖት ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮሌጅ ኃላፊ ነው፤ ይህኛው ከላቲኑ «ዴካኑስ»፣ ከአሥር ሰው አለቃ የመጣ ነው። አፋር፣ ዳሎል ላይ ደግሞ መሬቱን ቢጫ ያለበሰው ማዕድን ዲን ይባላል።

ይህን ማዕድን ዐረቦች «ኪብሪት» ይሉታል። እኛ ቃሉን ወስደን እሳት መጫሪያውን «ክብሪት» አልንበት። ማለትም የነሱ ማዕድን የኛ እሳት መጫሪያ ሆነ፤ የኛ ማዕድን ደግሞ በነሱ ጆሮ ሃይማኖት ነው!

ሌላም አገር ይኸው ነው። በኡርዱ «ዲን» ሳብ ተደርጎ ሲነገር ሃይማኖት፣ አጠር ሲል ቀን ነው። ቱርኮች ለሃይማኖት ከዐረብኛ የወሰዱት «ዲን» አላቸው፤ በራሳቸው ቋንቋ ግን ዝናብን ወይም ሕመምን «አቁም፣ ጋብ በል» ማለት ነው። እንግሊዞች ጋ ጫጫታ ነው።

እነዚህ ግጥምጥሞሽ ናቸው። የፋርሱ ግን ቆም ብሎ ማየት ይፈልጋል። በጥንቱ የዞረአስተር ሃይማኖት መጽሐፍ በአቬስታ «ደኤና» የሚል ቃል አለ፤ የሰው ውስጣዊ ማንነት፣ ኅሊና፣ ሃይማኖትም ማለት ነው። በኋላ በፋርስኛ «ዴን» ሆነ። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ምሥራቅ አጥኚዎች «ዲን» በሃይማኖት ትርጉሙ ከፋርስ የተወሰደ ነው ይላሉ። ይህን ይዘው ወጣቶቻችንን «ሃይማኖታችሁ ስሙ እንኳ የራሱ አይደለም» የሚሉም አይጠፉም።

በመጀመሪያ፣ ቃል መዋዋስ ነውር ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1505 ወደ አኺራ የሄዱት ኢማም አስ-ሱዩጢ በቁርኣን ውስጥ ከሌሎች ቋንቋዎች መጡ የተባሉ ቃላትን ለብቻቸው በኪታብ ሰብስበዋል፤ ከሐበሻ ቋንቋ ከተባሉት ውስጥ «ሚሽካት» ይገኝበታል። የኛን «መስኮት» ልብ ይሏል።

ሁለተኛ፣ ሥሩ የሴማውያን ቋንቋዎች ሁሉ የጋራ ሀብት ነው። በሐሙራቢ ዘመን በአካድኛ «ዲኑ» ማለት ፍርድ ነበር። በዕብራይስጥ «ቤት ዲን» ፍርድ ቤት ነው። በግዕዝ «ደይን» ፍርድ፣ ኩነኔ ነው፤ «ዳኛ» የምንለውም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። «መዲና» እንኳ ብዙ የቋንቋ ምሁራን እንደሚሉት በአረማይክ የአንድ ዳኝነት ግዛት ከሚለው የመጣ ነው። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተሰደዱባት የስሪብ በዚህ ስም ታወቀች፤ ዛሬ አዲስ አበባንም «መዲናችን» እንላታለን።

ቁርኣን ራሱ ይህን ስፋት ይዟል። በሱረቱ ዩሱፍ የግብፁ ንጉሥ «ዲን» ሲነሣ የተፈለገው የንጉሡ ሕግ ነው፤ ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ወንድማቸውን በዚያ ሕግ ሊይዙት አይችሉም ነበር። በሱረቱል ካፊሩን ደግሞ ሃይማኖት ነው።

አል-ፋቲሓ ላይስ? በአምስቱ ፈርድ ሶላቶች 17 ረከዓ አለ፤ በእያንዳንዱ «የውሚ-ድ-ዲን» እንላለን። ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ «የሃይማኖት ቀን» እየመሰለን ቀርተነዋል። ሙፈሲሮች ግን የፍርድና የዋጋ ክፍያ ቀን ብለው ነው የፈሰሩት፤ የአማርኛው የቁርኣን ትርጉምም «ፍርድ» የሚለውን መርጧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ብድር በዐረብኛ «ደይን» ነው። ሐረካው ከተነሣ «ዲን» እና «ደይን» በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ ዳል፣ ያ፣ ኑን። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለዚሁ ብድር ነው፦ ይጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ ይጻፍ፣ ምስክር ይቁም ይላል። እንግዲህ ሶላት ላይ ቆመን «የውሚ-ድ-ዲን» ስንል የምንጠራው እያንዳንዱ ሰው የሠራው ሁሉ የሚተሳሰብበትን፣ የሰው ሐቅ የያዘም የሚከፍልበትን ቀን ነው።

ወሏሁ አዕለም።